የክሩ ልክ

ማንጠግቦሽ፣ ነርሷ፣ ክንዴን ጠቀለለች፣
ጨርቁን ነፋችና ቁጥሩን አስተዋለች።
«መቶ ስልሳ ሁለት፣ በዘጠና ስድስት፤
ጋሽ በልጠው፣ ምነው? ጭንቀት አለ እቤት?»
«ተመስገን» አልኳት ክንዴን ዘርግቼ፣
ያስራ አንድ ቀን ፖስታ በኪሴ ከትቼ።

«ተመስገን» ነውና የእኛ ቤት ምርመራ፤
ሆድ ይፍጀው ነው እንጂ የት ነው የሚወራ?
እሷም ልጃችን ናት፣ ልማዱን ታውቃለች፤
«እሺ፣ ተመስገን» ብላ ዳግም ትለካለች።

ጨው ይቀንሱ አለች፤ ቀነስኩት።
ስኳርም አለች፤ እሱንም ረሳሁት።
ሌሊት ከመጋዘኑ በር፣ ከዘብ ቤቷ ውስጥ፣
ሰርጌይ ቡሬካሱን ከፊቴ ሲገምጥ፣
ምራቄን ውጬ ወደ አጥሩ አያለሁ።
ኪኒኔን በሰዓቱ በውኃ እውጣለሁ።

ፖስታው ግን አልተዋጠም፣ አልቀነሰም።
በመስኮቱ ስሜን አሳይቶ ሌላውን ይደብቃል፤
ባንክ ይሁን፣ ብሔራዊ መድን፣ ማን ያውቃል?
የማሽካንታው ከሆነስ? ቤቱን ቢሉኝስ?
እሱ ኪሴ ተኝቶ እኔን ሲቀሰቅስ፣
ሌሊት የመጋዘን፣ ቀን የወረቀት ዘበኛ
ሆኜ ሰነበትኩኝ፣ ዓይኔ ሳይተኛ።

ሰኞ ለት የሕንጻው ሊፍት ተበላሸ።
ራኢሳ፣ ጎረቤቴ፣ ሰማንያን ያለፈች፣
ከሀብሐቧ ጋራ ደረጃው ሥር ቆመች።
ሩሲያኛዋን አልችል፣ አማርኛዬን አትችል፤
ሁለታችንም በምንሰብራት ዕብራይስጥ፣
«ከባድ ነው» አለች። «አውቃለሁ» አልኩ፣ ስቀበል።

አቀፍኩት፣ እንደ አራስ ልጅ።
አንደኛው ፎቅ ላይ ቀልድ ነበረኝ፣
ሁለተኛው ላይ ቀልዱ አለቀብኝ፤
ሦስተኛው ላይ ላቤ ዓይኔን ጋረደው፣
ልቤም እንደ መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ የሚለው
ያው ልብ ነው እኮ፣ ያው ምት፣ ያው ድለቃ፣
ፖስታውን ስነካ ከእንቅልፍ የሚነቃ።
ማንጠግቦሽ ብትለካኝ እዚያ ደረጃ ላይ፣
አምቡላንስ ትጠራ ነበር ቁጥሩን ብታይ።

ያን ሌሊት ግን ተራዬ አልነበረም። ተኛሁ።
እንደ ድንጋይ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። እግሩን ጉድጓድ ሰዶ፣
ድሩን በጣቱ ጫፍ ይመታል፣ ለምዶ።
የላላው ፈትል ይተበተባል፤
የከረረው፣ መወርወሪያ ሲነካው፣ ጧ ይላል።
«ልኩን ጆሮ ያውቃል» ይለኝ ነበር፣
«ክር መወጠሩ አይደለም የሚጎዳው፤
ማታ የሚያላላው እጅ ያጣ ለት ነው ጉዳው።»

ሰምቼ ነበር። የገባኝ ግን ዛሬ፣ ቂርያት ጋት፣ ደረጃ፣
ሀብሐብ ተሸክሜ፣ ያለ አንዳች ማስረጃ።

በማግስቱ ወርጄ ከደጁ አግዳሚ ላይ፣
ዕብራይስጡን በጣቴ እየተንተባተብኩ፣
ፖስታውን ቀድጄ ራሴ አነበብኩ።
ማሽካንታ አይደለም። መድንም አይደለም።
«ክቡር አቶ በልጠው፣» ይላል፣ «ሰላም፣ ሰላም፤
ከመጣህ ቆይተሃል፤ ሳይረፍድ፣ በጊዜ
ና፣ ደምህን ተለካ።»
ሳቅ ቀደመኝ ከትካዜ።
ደሜን ያስነሳው የደም ብዛት ጠሪ!
አንዲት ድመት አየችኝ፣ ሸሸች እንደ ፈሪ።

ሁሉም ግን እንዲህ በሳቅ አያልቅም።
ልጄ ሞሪያ ከሰሜን ድንበር
ስልኳን ከከፈተች አራት ቀን አለፈ።
ያ ክር እጄ ላይ የለም፤ ላላላው አልችልም።
ሊፍቱ ተጠግኗል። እኔ ግን በእግሬ ነኝ፣
ራኢሳን አንኳኩቼ፣ «የሚወጣ አለሽ?» ብዬ፣
ከሌለም ባዶ እጄን፣ አራቱን ፎቅ ቆጥሬ።

ረቡዕ ማንጠግቦሽ ክንዴን ጠቀለለች።
«ጭንቀት አለ፣ ጋሽ በልጠው?» አለች።
«ተመስ...» ብዬ ጀመርኩ።
ጨርቁ አጠበቀ፣ አጠበቀ፣ ቆመ።
«አለ» አልኳት።
ፉ... ብሎ አየሩ ወጣ።
ክንዴ ላይ ላላ።